የጸጋዬ ገብረ መድኅን ሕይወትና የእንግሊዝኛ ትምህርቱ

የመጽሔታችን አዘጋጆች የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍላቸው በጠየቁኝ ጊዜ ከሩቅ አገር ሰው መፈለግ አላስፈለገኝም። የመረጥኩት ሰው የተወለደው ከከተማችን አጠገብ ነው፤ የአስኳላ ትምህርቱን የጀመረውና የመጀመሪያውን ተውኔት የጻፈውም በዚሁ በአምቦ ነው። ስሙን የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ስምን ማወቅ ሌላ፣ ሥራን ማወቅ ሌላ ነው። ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ታላቅ ባለቅኔ መሆኑን ሰምተዋል፤ በእንግሊዝኛ ተውኔት ጽፎ ለንደን ላይ እንዳሳተመ፣ የእንግሊዞቹን ታላቅ ደራሲ ሼክስፒርንም በአማርኛ እንዳናገረ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛ ዛሬ እንግሊዝኛን እንደ ዳገት እየፈራን በምንማርበት በዚሁ ምድር፣ አንድ የገጠር ልጅ እንዴት ለዚህ ሥራ ሊበቃ እንደ ቻለ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ተራ ወሬ አይደለም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ላስታውስ። ዓመቱ ያለ ምልክት የተጻፈ ወይም ዓ.ም. የሚል ያለበት እንደ ሆነ በእኛ አቈጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹ ሲሆን እ.ኤ.አ. የሚል አለበት። ደግሞም ጸጋዬን እሱ እያልኩ ስጽፍ ወላጆቻችን እንደ ድፍረት እንዳይቈጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ባለቅኔን ሕዝብ ሁሉ በስሙ ስለሚጠራው እኔም ያንኑ ልማድ ተከትዬ ነው።

ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ስፍራ ነው። ጊዜው ክፉ ነበር። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና አራት ወር አልሞላም፤ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ከተገደሉ ደግሞ 19 ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ሰሞን የተወለደው ሕፃን አድጎ የእኒያን አቡን የመጨረሻ ሰዓት ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት ብሎ በተውኔት እንደሚጽፈው ማን ያውቅ ነበር? አባቱ ገብረ መድኅን ሮባ ወራሪውን ለመዋጋት ወጥተው ስለ ነበር ልጁ ሲወለድ ከቤት አልነበሩም። አባቱ ከኦሮሞ፣ እናቱ ወይዘሮ ፈለቀች ዳኜ ከአማራ ወገን ነበሩና ልጁ ያደገው በሁለት ቋንቋ መካከል ነው።

በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠብቋል። ከቤተ ክህነትም ዘንድ ግእዝ ተምሯል። ይህ የግእዝ ትምህርት በሕይወቱ ታሪክ ውስጥ በአንድ መስመር ታልፎ የሚሄድ ነገር ነው፤ እኔ ግን ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። በእኛ አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዳዊት መድገምንና በቃል መያዝን ነው። ስለ ቅኔ ቤት ግን እንዲህ ማለት አይቻልም። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢመለስ ተማረ አይባልም፤ ራሱ አስቦ፣ ራሱ ቈጥሮ፣ አዲስ ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል። መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፤ የተበላሸውን ያቃናለታል። ተማሪው በማግስቱ ሌላ አዲስ ያመጣል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። ድርሰት መጻፍን ማስተማር ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ፈረንጅ ሳይመጣ፣ ጥቁር ሰሌዳም ሳይሰቀል ይህ ትምህርት በአገራችን ነበረ። የጸጋዬ ጓደኞች የእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፉ በተባሉ ጊዜ ነገሩ አዲስ ሆኖባቸው ይሆናል፤ የቅኔን መንገድ ለቀመሰ ልጅ ግን ቋንቋው እንጂ ሥራው አዲስ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱ ጸጋዬ አምስት ዓመት አልሞላውም። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የመማሪያ መጻሕፍቱ በብዛት ከእንግሊዝ አገር የመጡ ነበሩ። ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ጸጋዬ በአምቦ ትምህርት ቤት የገባው በዚህ ዘመን ነው፤ ከተማችንም በንጉሠ ነገሥቱ ጊዜ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። እዚሁ ገና ተማሪ ሳለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ሁለቱ ወንድማማቾች የሚል ተውኔት ጻፈ። ተውኔቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ። ዲዮኒስዮስ የሚባል ንጉሥ በሁሉቃ ወንዝ ዳር እንዳልነገሠ ሁላችን እናውቃለን። በጥንት ግሪኮች ታሪክ የሚታወቅ የሲራኩስ ገዥ ስም ነው፤ እንግዲህ ይህ ስም ወደ ልጁ ጆሮ የደረሰው ከመጽሐፍ መሆን አለበት። እኛ ብንሆን መጽሐፉን ዘግተን ፈተናውን እንጠብቅ ነበር። እሱ ግን ከሩቅ አገር የመጣውን ስም ይዞ የራሱን ጨዋታ ሠራበት። በሕይወቱ ሙሉ ያደረገውም ይህንኑ ነው።

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በብሪቲሽ ካውንስል ይመራ በነበረው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። የንግድ ሥራ ተማሪ የሚማረው ሒሳብ ማወራረድንና የጽሕፈት መኪና መምታትን ነው፤ ጸጋዬ ግን በዚያም ሳለ ተውኔት መጻፉን አልተወም። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1959 ቺካጎ ከሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ትምህርቱን ፈጸመ። በዚያን ዘመን የሕግ ትምህርት ያለው ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቈጠር ነበርና ጠበቃ ወይም ዳኛ ሆኖ የተደላደለ ኑሮ ሊኖር ይችል ነበር። ወላጆቻችን ይህን ሲያነቡ በልባቸው ምን እንደሚሉ አውቃለሁ! እሱ ግን የሕጉን መጽሐፍ አስቀምጦ ወደ አውሮፓ ሄደ። በለንደን በሮያል ኮርት፣ በፓሪስም የሞልዬር ቤት በሚባለው በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን ሥራ እየተመለከተ ተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለት ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ አዘጋጅና ሹም ሆኖ ሠራ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ዓመታት ናቸው። በአማርኛ የእሾህ አክሊልን፣ የከርሞ ሰውን፣ ሌሎችንም ብዙ ተውኔቶች ጻፈ። በእንግሊዝኛ ደግሞ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፈው ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ታየ፤ ስለ አክሱም ዘመን የጻፈው ሌላ የእንግሊዝኛ ተውኔትም ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ለንደን ላይ ታትሟል። በ1958 ዓ.ም. በ29 ዓመቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ። ከእሱ በፊትም ሆነ በኋላ በዚያ ዕድሜ ይህን ሽልማት ያገኘ የአማርኛ ደራሲ የለም።

ከእንግሊዝኛ ሥራዎቹ ሁሉ ለእኛ ለምዕራብ ሸዋ ልጆች ቅርብ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ኦዳ ኦክ ኦራክል ነው። ኦራክል ማለት የሚመጣውን የሚናገር፣ የመናፍስትንም ትእዛዝ ለሰው የሚያደርስ እንደ ማለት ነው። ኦዳ ምን እንደ ሆነ ለአምቦ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል፤ ቢሆንም መጽሔታችን ሌላ አገርም ስለሚደርስ፣ ከሾላ ወገን የሆነ ጥላው ሰፊ ዛፍ መሆኑን፣ የኦሮሞ ሽማግሌዎችም ከሥሩ ተቀምጠው ሸንጎ የሚያደርጉበትና ሕግ የሚያወጡበት መሆኑን እገልጻለሁ። ኦክ ደግሞ የፈረንጅ አገር ዛፍ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ጸጋዬም ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ኦዳ ብቻ ብሎ ቢተወው እንግሊዙ አይገባውም። ኦክ ብቻ ቢለው ደግሞ ዛፉ የእኛ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆማቸው፤ የራሱንም ቃል አስቀደመ። እንግሊዝኛ ሲጽፍ የአገሩን ቃል ማፈር የለም፤ ተርጉሞ ማጥፋትም የለም። መምህራችን ይህን ርእስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስለ ሦስት ቃል ብቻ ሲያስተምሩን፣ መጀመሪያ ጊዜ የምናባክን መስሎን ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሻንካ የተባለ ብርቱ ጎበዝ ኡኩቴ የምትባለውን ልጅ እንዲያገባ፣ የበኵር ልጁንም ለአባቶች መንፈስ መሥዋዕት አድርጎ እንዲሰጥ የኦዳው ቃል ይነገረዋል። ሻንካ ልጁን ላለመሠዋት ሲል ሚስቱን አግብቶ ሳይደርስባት ይቀራል። ጎዓ የተባለው ወዳጁ ደግሞ ከባዕዳን ዘንድ ኖሮ የተመለሰ፣ የእነሱንም ሃይማኖት የሰማ ሰው ነው። ኡኩቴ ከዚህ ሰው ትፀንሳለች። ያን ጊዜ የአባቶች ሕግ፣ የመንደሩ ፍርሃትና ከውጭ የመጣው ትምህርት በሦስት ሰዎች ራስ ላይ ይወድቃሉ። ፍጻሜውን ለሚያነቡት እተወዋለሁ። እውነቱን ለመናገር እንግሊዝኛው ይከብዳል። ሰዎቹ ሲነጋገሩ እንደ ሽማግሌ በምሳሌ ነው፤ የቃላቱም አቀማመጥ በመማሪያ መጽሐፋችን እንደምናየው የእንግሊዝ አነጋገር አይደለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥረው ሰው አይታጣም። እኔ ግን ብቻዬን ሆኜ ጮክ ብዬ ሳነበው በእንግሊዝኛው ውስጥ የአያቴን አነጋገር እሰማበታለሁ፤ በሌላ በማንኛውም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይህ ደርሶብኝ አያውቅም።

አሁን ደግሞ መንገዱን ወደ ኋላ እንመልሰው። ጸጋዬ የራሱን ወደ እንግሊዝኛ እንደ ወሰደ ሁሉ የእንግሊዞቹንም ወደ እኛ አምጥቷል። ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን፣ ንጉሥ ሊርን በአማርኛ መለሰ። ከፈረንሳዩ ሞልዬር ታርቲፍንና የፌዝ ዶክተርን፣ ከጀርመኑ ብሬሽት ደግሞ እናት ዓለም ጠኑን አምጥቷል። ይህ እንዴት ያለ ድካም እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ መቀመጥ ብቻ ሊመስለው ይችላል።

ሼክስፒር የጻፈው ከ400 ዓመት በፊት በነበረ እንግሊዝኛ ነው። አብዛኛው ግጥሙ በየስንኙ አሥር ያኽል ድምፅ አለው፤ ቤት ግን አይመታም። የአማርኛ ግጥም ቤት ካልመታ ለሰሚው ግጥም አይመስልም። በሌላ በኩል እኛ የለመድነው የወል ቤት ስንኝ አጭር ነው፤ ሐምሌት በሐሳቡ እየወጣና እየወረደ የሚናገረውን ሁሉ በዚያ መወሰን ያስቸግራል። ጸጋዬ ከዚያ የረዘመ ስንኝ ሠራ፤ በኋላም የሥነ ግጥም ሊቃውንት ይህን አመታት የጸጋዬ ቤት ብለው በስሙ ጠርተውታል። ቃላቱንም ከግእዝ፣ ከገጠር አማርኛና ከአባቱ አገር አነጋገር እየሰበሰበ ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ጊዜ መስማት የማይገባ ስንኝ ብዙ አለው። እኔ ሐምሌትን በአማርኛ ሳነብ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አኑሬ ነበር፤ ለአማርኛ መጽሐፍ መዝገበ ቃላት መያዝ አስቂኝ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ሆነ።

ሌላ ችግር ላንሣ፤ ይህን የምናውቀው እኛው ነን። በዛሬው እንግሊዝኛ ለንጉሥም፣ ለእናትም፣ ለአሽከርም አንድ ቃል ይበቃል። በአማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ ካልተባለ አፍ መክፈት አይቻልም። እንግዲህ ሐምሌት ንግሥቲቱን እናቱን ሲናገር ምን ይበላት? ልጅ ነውና አንቺ ይበላት? ንግሥት ናትና እርስዎ ይበላት? በቍጣ ሲናገራትና ሲያዝንላት አንድ ዓይነት ይሁን? ኢያጎ አለቃውን ኦቴሎን በፊቱ ሲያከብረው አንቱ ይበለው፤ ከጀርባው ሲያማውስ? ተርጓሚ በየመስመሩ ይህን መፍረድ አለበት፤ የሚፈርደውም ሰዎቹን ሁሉ እንደ ጎረቤት ካወቀ ብቻ ነው። መምህራችን ከማክቤዝ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩበትን አንድ ገጽ ሰጥተውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እንድንመልስ ባዘዙን ጊዜ፣ ግማሹ ክፍል ሚስቲቱ ባሏን አንተ ትበለው ሲል ግማሹ አንቱ ትበለው ብሎ ተከራከረ። በዚያ ክርክር ላይ ሆነን ሳናስበው ስለ ባልና ሚስቱ ጠባይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ገጽ አሥር ጊዜ መልሰን አነበብን።

ኦቴሎን በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ማሳየትም በለንደን እንደ ማሳየት አይደለም። በለንደን ተመልካቹ ቬኒሳዊ ነው፤ ጥቁሩ የጦር አዛዥ በመካከሉ የገባ እንግዳ ነው። እዚህ ግን ተመልካቹ የኦቴሎ ወገን ነው፤ እንግዶቹ የቬኒስ ሰዎች ናቸው። ቬኒስ ደግሞ የኢጣልያ ከተማ መሆኗን አንርሳ። አባቱ ከኢጣልያ ጋር ሲዋጉ የተወለደ ሰው ይህን ተውኔት ሲመርጥ ይህ አልታየውም ለማለት ይቸግረኛል።

የዛሬውን የእኛን ሁኔታ ሳላነሣ ታሪኩን ብጨርስ ግን የጎደለ ይሆንብኛል። እኛ የምዕራብ ሸዋ ተማሪዎች፣ በጊንጪም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በባኮ፣ እስከ 8ኛ ክፍል በኦሮምኛ ተምረን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ እንቀበላለን። ኦሮምኛችን የሚጻፍበት የቁቤ ፊደል መልኩ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው፤ ድምፁ ግን ይለያል። በቁቤ ኤክስ ጠ ነው፤ ሲ ጨ ነው፤ ኪው ደግሞ ቀ ነው። ስለዚህ ታናናሾቻችን የእንግሊዝኛ ቃል ጮክ ብለው ሲያነቡ መምህሩ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። ሆኖም ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ ድሃ አይደለም። ጸጋዬም ከዚሁ ሀብት ነው የተነሣው።

ችግሩ ሌላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በመላ አገሪቱ ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ጭንቀት ገብቷል። የእንግሊዝኛው ፈተና ደግሞ ከተሰጡት መልሶች አንዱን መርጦ ማጥቈር ነው፤ ተማሪው ከራሱ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ አይጠየቅም። ስለዚህ አባቴ ማታ ማታ ድርሰት ስጽፍ ባየኝ ቍጥር፣ የማይጠየቅ ነገር ለምን ትጽፋለህ፣ ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀት ለምን አትሠራም ብሎ ይገሥጸኛል። አባቴ ተሳስቷል አልልም። ካላለፍኩ ዩኒቨርሲቲ እንደማልገባ፣ ከእኔ በታች ያሉት አራቱም እኔን እንደሚያዩ እሱም እኔም እናውቃለን። ወንድሙ ሲወድቅ ያየ ልጅ ትምህርቱን ትቶ ወደ ባጃጅ ሥራ መሄዱ በሠፈራችን የተለመደ ነው።

ቢሆንም ለአባቴ የነገርኩትን እዚህም ልጻፈው፤ ሌሎች ወላጆችም ያስቡበታል። የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የጂኦግራፊውም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ተማሪ ትምህርቱን ቢያውቀውም መልሱን በግምት ያጠቍራል። ጥያቄ የሚገባው ደግሞ ብዙ ላነበበና ራሱ ዓረፍተ ነገር እየሠራ እያፈረሰ ለኖረ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ስጽፍ የማላውቀው ነገር የት እንዳለ በራሴ እጅ ይገለጥልኛል፤ ፊደል ሳጠቍር ግን ያወቅሁትና የገመትሁት አንድ ይመስላል። የቅኔ ቤት መምህራን ይህን ከእኛ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። አባቴም ሰምቶ ዝም አለ፤ መፍቀዱ ይሁን መታከቱ አልለየሁትም፤ መብራቱን ግን አላጠፋብኝም።

ወደ ጸጋዬ እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲመጣ ብዙ ደራስያን እንዳደረጉት እሱም አዲሱን ዘመን በተስፋ ተቀበለ። እሳት ወይ አበባ የተባለው የግጥም መጽሐፉ የወጣውና ሀ ሁ በስድስት ወርን የጻፈው በዚያ ሰሞን ነው። ለአጭር ጊዜም በባህል ጉዳይ ሹመት አግኝቶ ነበር። ተስፋው አልቈየም፤ ታሰረ፤ ተውኔቶቹም ታገዱ። የታገዱበት በአንድ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ በሳንሱር ያልተነካበት ዘመን አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከእስር ወጥቶ ግን ያደረገውን ልብ በሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ዛሬ በየመድረኩ የምናያቸው ብዙ አዘጋጆችና ተዋንያን ያንን ክፍል ያለፉ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይሰማዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የተቀበለው፣ ዛሬም የአፍሪካ ኅብረት የሚዘምረው መዝሙር የግጥሙ ደራሲ ጸጋዬ ነው፤ ዜማውን የደረሱት ኬንያዊ ናቸው። የአህጉሪቱ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ሲቆሙ የሚዘመረው መዝሙር በአምቦ እንግሊዝኛ በጀመረ ሰው የተጻፈ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ባለቅኔዎች ጉባኤ ሎሬት የሚለውን ማዕርግ ሰጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የኖርዌይ ደራስያን ማኅበር ሐሳብን በነጻ ስለ መግለጽ የሚሰጠውን ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ጊዜ ግን ጤናው ተቃውሶ ነበር። ኵላሊቱ ታሞ በ1990 ዓ.ም. ለሕክምና ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ በየሳምንቱ ደሙ በመኪና እየታጠበለት ስምንት ዓመት ያኽል በዚያ ኖረ። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በ69 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑም ወደ አገሩ መጥቶ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

በመጨረሻ ስለ ክበባችን ጥቂት ማስታወቂያ ልጨምር። የትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ዘንድሮ ኦዳ ኦክ ኦራክልን ወደ ኦሮምኛ መመለስ ጀምሯል። መምህራችን እንግሊዝኛውን፣ አንድ ጡረታ የወጡ የሠፈራችን አዛውንት ደግሞ ኦሮምኛውን ያርሙልናል። ኦክ የሚለው ቃል ገና ከርእሱ ላይ ወደቀ፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ኦራክል የሚለውን ምን እንበለው በሚለው ላይ ግን ሦስት ሳምንት ፈጅተናል፤ አዛውንቱ ያቀረቡልንን ቃል ግማሾቻችን የሃይማኖት ነገር ነውና ይቅር አልን፤ ነገሩ ገና አልተቈረጠም። እስካሁን 14 ገጽ ደርሰናል። የምንሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በቤተ መጻሕፍቱ ነው። መጽሐፉ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ መምጣት የሚፈልግ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይዞ ይምጣ፤ ኦሮምኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ ወላጆችም ቢገኙልን ደስ ይለናል።